በሞቃት ምድር እንቁላል ማስፈልፈል፦ ስለ ጢማሙ እንሽላሊት፣ ስለ ሙቀትና ስለ ጾታ

(ዱብቲ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ)

 ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ አየር ማራገቢያው ጠጋ ማለት ትችላላችሁ። የዛሬው ርእሳችን ሙቀት ስለሆነ በቆዳችሁ ጭምር ልትከታተሉት የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ አልከለክልም።

ይህ ገለጻ የተወለደው ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጥያቄ ነው። ከክፍል ስንወጣ ስልኩን አውጥቶ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየኝ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን ሥር የተጋደመ፣ ከአገጩ በታች እንደ ጢም የሚቆም እሾሃማ ቆዳ ያለው እንሽላሊት ነው። በውጭው ዓለም ሰዎች እንደ ድመት በቤታቸው ያሳድጉታል፤ ያራቡታል፤ ይሸጡታል። ተማሪው እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ ይህ እንስሳ የበረሃ ነው፤ እኛም በረሃ ውስጥ ነን። እነሱ እንቁላሉን ለማስፈልፈል ማሞቂያ ይገዛሉ፤ ለእኛ ግን ፀሐይዋ በነጻ ታሞቅልናለች። ታዲያ ዱብቲ ላይ ብናራባው ምን ያግደናል?»

ጥያቄው የሰላ ነው። ወዲያው ልመልስለት አልቻልኩም። ቆይቼ ሳስበው የሚያግደን ያው በነጻ ያገኘነው ሙቀት ሆኖ አገኘሁት። የዛሬው ንግግሬ የዚህ መልስ ማብራሪያ ነው።

በቅድሚያ እንስሳውን እንወቀው። ሳይንሳዊ ስሙ ፖጎና ቪቲሴፕስ ነው፤ «ፖጎን» በግሪክኛ ጢም ማለት ነው። የትውልድ አገሩ የአውስትራሊያ ምሥራቃዊና ማዕከላዊ ደረቅ ምድር ነው። በእንግሊዝኛው ስያሜ «ቢርድድ ድራጎን» ይባላል፤ እኔ ግን ዘንዶ ስላልሆነ ጢማሙ እንሽላሊት እያልኩ እጠራዋለሁ። የሚመደበው አጋሚዴ በሚባለው ቤተሰብ ነው። በየድንጋዩና በየግድግዳው ላይ ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የምናየው የእኛው ገበሎም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዘመዳሞች መሆናቸውን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ መራቢያው ባሕርዩ ብዙ አልቆይም። ወንዱ ሴት ሲያይ ጢሙ ይጠቁራል፤ ራሱንም ደጋግሞ ይነቀንቃል። ሴቷ የፊት እግሯን አንስታ በዝግታ ታዞራለች፤ እጅ የምትነሣ ትመስላለች። ከመራቢያው ወቅት በፊት በቀዝቃዛው ወራት አካላቸው የሚያርፍበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ሴቷ አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላት፣ ሰውነቷም ሳይጠና ብትራባ ትጎዳለች፤ የእንቁላሉን ቅርፊት የምትሠራበት ካልሲየም በምግቧ ካልተገኘ ከገዛ አጥንቷ ትወስደዋለችና። ከተጠቃች በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይታ እርጥብ አሸዋ ትቆፍራለች፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 እንቁላል ትጥላለች፤ አፈሩን መልሳ ትደፍንና ትሄዳለች። የወንዱን ዘር በአካሏ ማቆየት ስለምትችል በአንዱ ጥቃት ብቻ በዚያው ወቅት ደግማ ልትጥል ትችላለች።

ዋናው ነገር ትታው መሄዷ ነው። አትታቀፍም፤ አታሞቅም፤ አትጠብቅም። ከአስኳሉ ሌላ ለልጆቿ የምትተውላቸው የመረጠችላቸውን ቦታ ብቻ ነው፤ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የአፈሩን እርጥበት፣ ጥላውን ወይም ፀሐዩን። እንግዲህ እንቁላሉን ከአሸዋው አውጥተን ወደ መሣሪያ ስናስገባ የምንተካው የእናትን ሙቀት ሳይሆን የእናትን ምርጫ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የዶሮ እውቀታችን ያሳስተናል። በዶሮ ማስፈልፈያ ውስጥ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንቁላሉ በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፤ በ21 ቀን ጫጩት ይወጣል። የዶሮ እንቁላል ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይሞታል። የእንሽላሊት እንቁላል ግን ተቃራኒው ነው። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሽሉ ወደ ላይኛው ጎን ይወጣና ስስ ሽፋኖቹ በዚያው ከቅርፊቱ ጋር ይያያዛሉ። ከዚያ በኋላ ያገላበጠው ሰው ሽፋኑን ይበጥሳል፤ ወይም ሽሉን ከአስኳሉ በታች ያፍነዋል። ስለዚህ አርቢዎች እንቁላሉን ገና ሲያነሡት በላይኛው ጎኑ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል፤ እስኪፈለፈልም ድረስ ምልክቱ ወደ ሰማይ እንዳየ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ልዩነት ውሃ ነው። የዶሮ እንቁላል ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የሚያስፈልገውን ውሃ ይዞ ይወጣል፤ በታቀፈ ቁጥርም ክብደቱ ይቀንሳል። የጢማሙ እንሽላሊት እንቁላል ቅርፊት እንደ ለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ከአካባቢው ውሃ ይመጥጣል፤ ያብጣል፤ ክብደቱም ይጨምራል። አርቢዎች ቨርሚኩላይት የሚባለውን ማዕድን በክብደት ከእኩል ውሃ ጋር ደባልቀው፣ እንቁላሉን እስከ ወገቡ ቀብረው፣ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡታል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲጨመቅ ግን የማይንጠባጠብ። ውሃ ከበዛበት ይሻግታል፤ ካነሰው ይጨማደዳል። ሊፈለፈል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ጤነኛው እንቁላልም ጎድጎድ ይላልና በዚያን ጊዜ ደንግጣችሁ ውሃ እንዳታፈሱበት።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በእጄ ተምሬዋለሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ ከጥጥ እርሻ ቦይ ዳር አፈር ሲዛቅ ሰባት የገበሎ እንቁላሎች ወጡ። በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። እንዲሞቃቸው ብዬ ቆርቆሮ ውስጥ ደረቅ ጥጥ አንጥፌ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። ጥጡ ካለባቸው እርጥበት መጠጠባቸው። እኔ ደግሞ እንደ ታቃፊ ዶሮ በየጠዋቱ እየተነሣሁ አገላብጣቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንደተነፈሰ ኳስ ተጨማደዱ። ስከፍታቸው በሁለቱ ውስጥ ሽል ነበረ። ሰባቱንም የገደልኳቸው በእንክብካቤ ነው።

መስኮቱን ግን ለብዙ ዓመታት እንደ ጥፋት አልቆጠርኩትም ነበር። ሙቀት ለእንቁላል ጥሩ ነው ብዬ አምን ነበርና። እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን።

ለጢማሙ እንሽላሊት እንቁላል አርቢዎች የሚመርጡት ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው። በዚህ ሙቀት ከ55 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። የእንስሳው ጾታ እንደ ዶሮ በክሮሞዞም ይወሰናል፤ ወንዱ ሁለት ዜድ አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ። እንቁላሉ ከ22 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲታቀፍ ወንዱና ሴቱ እኩል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ የካንቤራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግን ሙቀቱ ከ32 ሲያልፍ በክሮሞዞማቸው ወንድ የሆኑት ሽሎች ሴት ሆነው ማደግ ይጀምራሉ፤ ሙቀቱ በጨመረ መጠንም ቁጥራቸው ይበዛል። ክሮሞዞማቸው አልተለወጠም፤ ሁለት ዜድ እንደያዙ ነው እንቁላል ጣይ የሚሆኑት። ከዚያም በላይ ሲሞቅ ሽሉ ራሱ ይሞታል።

ይህ ለተወሰኑ ዓመታት የቤተ ሙከራ ነገር ብቻ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ክሌር ሆሌሊና ባልደረቦቿ በዱር ከተያዙ 131 ጎልማሶች መካከል 11ዱ በክሮሞዞም ወንድ፣ በአካል ሴት መሆናቸውን አስታወቁ። እነዚህ ሴቶች መካኖች አይደሉም፤ ከመደበኛ ሴቶች የበለጠ እንቁላል ይጥላሉ። ከመደበኛ ወንድ ጋር ሲራቡ ግን ልጆቻቸው ሁሉ ባለ ሁለት ዜድ ናቸው። ደብልዩ የሚባለው ክሮሞዞም በአንድ ትውልድ ከዚያ ዘር ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ወንድና ሴት የሚለየው የጉድጓዱ ሙቀት ብቻ ይሆናል። በጄኔቲክስ ትምህርት ስለ ጾታ አወሳሰን ለዓመታት ሳስተምር በክሮሞዞም የሚወሰንና በሙቀት የሚወሰን ብዬ በሁለት ዓምድ ከፍዬ ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። አሁን በመካከላቸው መስመር አላሰምርም።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ዱብቲን እናንተው ታውቋታላችሁ። በሐጋይ ወራት ቀኑ በጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊቱ 27 ነው ብንል እንኳ የቀንና የሌሊቱ አማካይ 34 አካባቢ ነው። እንቁላሉን በዚህ ሙቀት በአንድ ክፍል ውስጥ ብናስቀምጠው ቀን ቀን ሽሉን የሚገድል፣ በአማካይም ወንዶቹን ወደ ሴትነት የሚገፋ ሙቀት ሰጠነው ማለት ነው። «እንቅበረው» የሚል ይኖራል። መቅበር የሚያደርገውን እንመልከት። የቀንና የሌሊት ሙቀት ወደ አፈር ሲገባ ከላይ እንደ ማዕበል ነው፤ በአሥር፣ በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ውጣ ውረዱ ብዙ ይቀንሳል፤ በግማሽ ሜትር ላይ ከሞላ ጎደል ጸጥ ይላል። ጸጥ የሚለው ግን በዕለቱ አማካይ ላይ ነው። አማካዩ ራሱ 34 ከሆነ ጉድጓዱ ከቀኑ ቃጠሎ ያድናል እንጂ ከ34 አያድንም። ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ አፈሩ ከአየሩ ይበልጥ ይሞቃል።

ስለዚህ በዱብቲ ማስፈልፈል ማለት ማቀዝቀዝ ማለት ነው። በቀዝቃዛ አገር የሚሸጠው ማስፈልፈያ ማሞቂያና ቴርሞስታት ብቻ ያለው ነው፤ ክፍሉ 36 ሲሆን ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን ከማጥፋት በቀር የሚያደርገው ነገር የለውም። ዋጋ አውጥቶ ያስመጣው ሰው ውድ ሣጥን ገዛ እንጂ ማስፈልፈያ አልገዛም።

ያለን መድኃኒት ደረቁ አየራችን ነው። አርብቶ አደሩ ውሃውን በቆዳ እርኮት ይዞ ሲጓዝ፣ ውሃው በቆዳው በኩል እየተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ እንስራም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ትልቅ የሸክላ ጋን ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገብቶ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቢቀመጥ የውስጡ ሙቀት ከውጭው በብዙ ዲግሪ ይወርዳል። አየሩ በደረቀ መጠን ይበልጥ ይሠራል፤ ዝናብ በሚጥልበት በከረማ ወቅት ግን ይደክማል። ሌላው መንገድ ወቅት መምረጥ ነው። በጊላል፣ ቀዝቀዝ በሚለው ወቅት፣ የክፍሉ ሙቀት በራሱ ወደምንፈልገው ይቀርባል፤ እንስሳቱ በዚያ ወራት እንዲጥሉ ማድረግ ከማናቸውም መሣሪያ ይሻላል።

ይቻላል ማለት ነው። ይገባል ወይ? እኔ አይገባም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ። አውስትራሊያ የአገሯን እንስሳት ከነሕይወታቸው ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ከለከለች፤ በአገራችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ አይነገድም። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከመስኮቴ የማየው ዛፍ ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ ሕዝቡ የወያኔ ዛፍ ወይም ደርጊ ሃራ የሚለው፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲመጣ በበጎ አሳብ ነበር፤ ለጥላ፣ ለማገዶ፣ ነፋስን ለመከላከል። ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል፤ የግጦሹን ሣር ያወደመው ለበረሃ የተመቸ ስለነበረ ነው። ለበረሃ የተመቸ እንስሳ ከሣጥኑ ቢያመልጥ የሚገባው የገበሎው ቤት ውስጥ ነው።

ገበሎውን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀት የእንሽላሊትን ጾታ ሊወስን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በአውስትራሊያ አይደለም፤ በአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳካር ላይ የምትሠራ ማደሊን ሻርኒዬ የምትባል ተመራማሪ አጋማ አጋማ የተባለውን ገበሎ እንቁላል በተለያየ ሙቀት አስፈለፈለች። ዝቅ ባለው ሙቀት የወጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ሆኑ፤ ከፍ ባለው ሙቀት ደግሞ ወንዶች። ጽሑፏ የወጣው በምዕራብ አፍሪካ የባዮሎጂ ማኅበር የፈረንሳይኛ ኅትመት ላይ ስለነበር ለዓመታት ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። አቅጣጫውን ልብ በሉ። የአውስትራሊያው ዘመድ ሲሞቀው ሴት ይበዛዋል፤ የዳካሩ ገበሎ ሲሞቀው ወንድ ይበዛዋል። የሴት መብዛት ለጥቂት ጊዜ ሊቻል ይችላል፤ አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃልና። የወንድ መብዛት ግን እንቁላል የሚጥል መጥፋት ነው። የእኛዎቹ ገበሎዎች ከዳካሩ የተለዩ ዝርያዎች ስለሆኑ ውጤቱን ቀድተን መለጠፍ አንችልም፤ መለካት አለብን።

አዞን ብትጠይቁኝ ደግሞ ሦስተኛ ሥርዓት አለው። የናይል አዞ የጾታ ክሮሞዞም የለውም። ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ባለው ወንድ ይበዛል፤ ከዚያ በታችም ከዚያ በላይም ሴት ይበዛል። በአገራችን የተሳቢ እንስሳትን እንቁላልና ጫጩት በሰፊው የመያዝ ልምድ ያለው አርባ ምንጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቋቋመው የአዞ እርባታ ከአባያና ከጫሞ ዳርቻ እየሰበሰበ ያሳድጋል። አዞ በአዋሽም አለ። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር ስትገኝ በዚያው ደለል ውስጥ የአዞና የኤሊ እንቁላል ቅሪቶች ነበሩ። ይህ ሸለቆ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊትም የተሳቢ እንስሳት ማስፈልፈያ ነበር ማለት ነው።

ለተመራቂ ተማሪዎች የማቀርበው ሥራም ከዚህ ይነሣል። በሦስት ቦታ፣ ማለትም በባዶ ሜዳ፣ በፕሮሶፒስ ጥላ ሥርና በመስኖ ቦይ ዳር፣ በ10፣ በ15ና በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሙቀት መዝጋቢ ቅበሩ፤ ከሱጉም እስከ ከረማ መጨረሻ በየሰዓቱ ይመዝግብ። የምንጠላው ዛፍ ጥላ አፈሩን የሚያቀዘቅዝ ከሆነ፣ ዛፉ ለከሰል ሲመነጠር የገበሎው ጉድጓድ በአንድ ቀን ለፀሐይ ይጋለጣል። እናቲቱ ጠልቃ በመቆፈር ወይም ቀደም ብላ በመጣል ልታካክሰው ትችል ይሆናል። በእንቁላሉ መካከለኛ የእድገት ጊዜ ያለው ሙቀት ለጾታ ይበልጥ ወሳኝ ስለሆነ፣ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የትኛው ሳምንት እንደሆነ መዝግቡ። ጎጆ ካገኛችሁ እንቁላሉን አታንሡ፤ መዝጋቢውን በጎኑ ቅበሩና ተመለሱ።

ከአዳራሹ የተነሡትን ሁለት ጥያቄዎች ጨምሬ ላብቃ።

አንድ ባልደረባዬ፣ የአውስትራሊያው እንስሳ እንዴት እስከ ዛሬ ኖረ፣ በረሃው ጥንትም ሞቃት አልነበረም ወይ፣ አሉኝ። ሞቃት ነበር። እናቶቹ ጎጆና ወቅት ይመርጣሉ፤ ሥርዓቱም ጥቂት ሙቀት እንዲችል ሆኖ የተገነባ ነው። የሚያሳስበው ለውጡ ከእናቶቹ ምርጫ ሲፈጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በሰሜናዊው ታላቁ የኮራል ዳርቻ ከሚገኙ ወጣት አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ኤሊ ደግሞ ሲሞቀው ሴት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ተማሪዬ የመጣ ነው፤ ተስፋ አልቆረጠም። «እሺ ዶክተር፣ የራሳችንን ገበሎ እንቁላል በፈቃድ ለጥናት ብናስፈለፍልና መብራት ቢጠፋስ?» አለኝ። መብራት ጠፍቶ ሙቀቱ ወደ 24 ቢወርድ ለጥቂት ሰዓታት ምንም አይሆንም፤ እድገቱ ይዘገያል እንጂ አይቋረጥም። ወደ 38 ቢወጣ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ልታጣ ትችላለህ። ስለዚህ ማስፈልፈያህን ከመስኮት አርቀህ፣ መሬት ላይ፣ በክፍሉ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጠው፤ በሣጥኑ ውስጥ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ጨምርበት፤ ውሃ ቶሎ አይሞቅምና ጊዜ ይገዛልሃል። ቴርሞሜትሩንም ከክዳኑ ላይ ሳይሆን ከእንቁላሉ ጎን፣ በአሸዋው ውስጥ አድርገው።